ጨው ያለበት ቡና

ለገና ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች አክስቴ ቤት አድሬ ነበር። አቦሉ ሲቀዳ የአክስቴ ጣቶች ወደ ጨው ዕቃው ሄዱ። ለቶናውም፣ ለበረካውም እንደዚያው።

ያደግሁበት ነውና ጣዕሙን አልጠላም። ግን አክስቴ የደም ግፊት አለባቸው፤ ጤና ኬላ ሲለኩ 170 በ100 ነበር። «ኪኒኑስ እትዬ?» አልኳቸው።

«ራሴን ሲያመኝ እውጠዋለሁ።»

ይህ ነው ያስደነገጠኝ። ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳያሳምም ነው የሚጎዳው። ኪኒኑም የራስ ምታት ማስታገሻ አይደለም፤ ደህና ነኝ በሚሉበትም ቀን ይዋጣል።

ጨውን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ መሆኑ ነው። ያውም ወጡ፣ በርበሬው፣ ሽሮውና የቡና ቁርስ ቆሎው ሁሉ ተደምሮ!

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ጎረቤት ማለዳ አፋቸው ተጣመመ፣ አንድ እጃቸው ከዳቸው። «ምች ነው» ተባለና ዳማ ከሴ ታሸላቸው። ጤና ጣቢያ የደረሱት በማግስቱ ነው። ስትሮክ ነበር፤ ዛሬም በምርኩዝ ይሄዳሉ። አፍ ሲጣመም፣ አንድ ጎን ሲዝል፣ አንደበት ሲተሳሰር ያው ሰዓት በባጃጅም በቃሬዛም ወደ ሐኪም ነው።

ከአክስቴ ጋር ተከራክረን ተስማማን። ኪኒኑ ከጀበናው ጎን ተቀመጠ፤ ጨው ለአቦሉ ብቻ፣ እሱም በቁንጥር።

ቶናውን ባዶውን ቀምሰው ፊታቸውን አጨማደዱ። «ይኼንስ ለጠላቴ!» አሉና ጨርሰው ጠጡት።