ጓደኛዬ የደበቀው እብጠት

የዛሬው ጨዋታዬ ትንሽ ያሳፍራል። ግን ሐፍረት ሰው ሊገድል ሲል በዓይኔ አይቻለሁና ዝም አልልም።

ጉርድ ሾላ፣ ከባቡሩ ጣቢያ ገባ ብሎ፣ አንድ ግቢ ውስጥ አብሮኝ የተከራየ ጓደኛ አለኝ። ሥራው ፎቅ በሚሠራበት ሁሉ ሲሚንቶ መሸከም ነው። 50 ኪሎውን ከረጢት ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ደረጃ ሲወጣ ያየው ሰው ሕመም የሚያውቅ አይመስለውም። ለካስ ከዓመት በላይ ብሽሽቱ ላይ የእንቁላል ያህል እብጠት ይዞ ኖሯል! ሲቆምና ሲያስል ብቅ ይላል፣ ጋደም ሲል ይገባል። «አባላዘር ነው ይሉኛል» ብሎ ለእጮኛውም ለእኔም ትንፍሽ አላለም።

እናላችሁ አንድ ቅዳሜ ሌሊት በሬ ተንኳኳ። እሱ ነው፤ ሆዱን ይዞ ተቆልምሟል። እብጠቱ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ አልገባም ብሏል፤ ያስመልሰዋል። ግቢው ሁሉ ተነሣ። አንዱ «ብርድ ነው፣ ነጭ ሽንኩርት ይብላበት» ይላል፤ ሌላው «ወጌሻ ይሸው» ይላል። አከራያችን እማማ ግን «እናንተ ልጆች፣ እጃችሁ ላይ ሳይሞት ሐኪም ቤት ውሰዱት!» ብለው ጮሁብን። በኮንትራት ታክሲ በረርን። ሳይነጋ ኦፕራሲዮን ክፍል ገባ። ሕይወቱ ተረፈች፤ የሞተው የአንጀቱ ክፍል ግን ተቆርጦ ወጣ።

በሽታው ሄርኒያ ይባላል፤ አገሬው ቡአ የሚለው ነው። የሆድ ግድግዳ ብሽሽት ላይ ሲሳሳ አንጀት ወይም ሞራ ሾልኮ ይወጣል። ወንድ ልጅ ገና በማሕፀን ሳለ የዘር ፍሬው ከሆዱ ወደ ታች የሚወርድበት መንገድ አለ። ይህ ቦታ ደካማ ሆኖ ስለሚቀር ነው ወንዶች ላይ የሚበዛው። ሐኪሞች ዘወትር በሚጠቅሱት ግምት በዕድሜ ዘመናቸው ከ100 ወንዶች 27ቱን፣ ከ100 ሴቶች 3ቱን ያህል ያገኛቸዋል። እህቶቼ፣ እናንተም ችላ አትበሉ። ጭን መነሻ ላይ የሚወጣው ዓይነት ሴቶችን ያጠቃል፣ ቶሎም ይታነቃል።

የወጣው አንጀት ከታነቀ ምግብ አያልፍበትም፣ ደምም አይደርሰውም። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ምልክቱን ያዙልኝ፦ ይገባ የነበረው እብጠት አልገባ ካለ፣ ከጠጠረና ካመመ፣ ቆዳው ከቀላ፣ ማስመለስ ከመጣ፣ ሆድ ከተነፋ፣ ፈስና ሰገራ ከቆመ… «እስኪነጋ» የሚባል ነገር የለም! በጉልበት አትግፉት፣ አታሹት፣ ምግብም ውኃም አትስጡ። መኪና ካጣችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

መከላከሉስ? ሄርኒያውን ሁልጊዜ መከላከል አይቻልም፤ አብሮ የሚወለድም አለ። ግን ሲጋራ ተዉ። ሳል ከሁለት ሳምንት ካለፈ ተመርመሩ። ሆድ ድርቀት ካለባችሁ ጎመኑን፣ ባቄላውን፣ ውኃውን አብዙ። ዕቃ ስታነሡ በወገባችሁ ሳይሆን በጉልበታችሁ በርከክ ብላችሁ ይሁን። መታነቁን የሚከላከለው ግን ቀድሞ መታየት ነው። ሐኪሙ እብጠቱ ትንሽ ከሆነና ካላመመ «እየተከታተልን እንቆይ» ሊል ይችላል። ካልሆነም በቀጠሮ ይጠግነዋል። ጥገናው አዲስ ነገር አይደለም፤ ጣሊያናዊው ሐኪም ባሲኒ የራሱን ዘዴ የጀመረው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1880ዎቹ ነው። ዛሬ ብዙ ጊዜ ስስ መረብ ይደረግበታል፤ ብዙዎችም በዕለቱ ወይም በማግስቱ ቤታቸው ይገባሉ። ሕፃን ልጅ ብሽሽት ላይ እብጠት ካያችሁ ግን ቀጠሮ አታርዝሙ፤ እነሱ ላይ ቶሎ ይታነቃል።

ጓደኛዬ ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀው ምን መሰላችሁ? «ዶክተር፣ ልጅ እወልዳለሁ?» ሐኪሙ ሳቅ ብለው «የሄርኒያ ኦፕራሲዮን መውለድ አይከለክልም። ይልቅ ዓመት ሙሉ የት ነበርክ?» አሉት። አንገቱን ደፋ። እጮኛው አጠገቡ ተቀምጣ እጁን ይዛለች። «ለዚህ ነው የደበቅከኝ?» ብላ አለቀሰች እንጂ አልሳቀችም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? እስቲ ዛሬ ማታ ብቻችሁን ስትሆኑ ብሽሽታችሁን ዳሰስ አድርጉ። እብጠት ካለ ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት ሂዱ።

ሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!