ቁጥር ከመሸምደድ ጠይቆ መሄድ

ኦፓል ሊገዛ ወገል ጤና የሚመጣ ነጋዴ፣ ከተማዋን ባያውቃትም እንኳ፣ የማንንም የቤት ቁጥር ይዞ አይመጣም። «ኦፓል የሚሸጥ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ አገር የሚያውቅ ሰው «አስቀድመህ እገሌ ዘንድ ሂድ፤ እሱን ካጣኸው እገሌን ፈልግ» ይለዋል። ሻጩ ቤት ቢለውጥም ነጋዴው አይቸገርም።

እኛ ግን ዩኒቨርሲቲ ገብተን ከዚህ ገበያ ወደ ኋላ ቀርተናል። እኔ በማውቀው አንድ የኮምፒዩተር ክፍል፣ የተማሪዎችን ስምና የይለፍ ቃል የሚይዘው ሰርቨር ቁጥር በየኮምፒዩተሩ ላይ በእጅ ተጽፎ ነበር። ሰርቨሩ በአዲስ የተተካ ዕለት አንድም ተማሪ መግባት አልቻለም፤ ባለሙያው ኮምፒዩተሮቹን አንድ በአንድ እስኪያርም ድረስ፣ ፈተና የደረሰብን ሁሉ ደጅ ስንጠና ዋልን።

መድኃኒቱ ከተገኘ ቆይቷል። ዲኤንኤስ የተባለው የስም መዝገብ በ1976 ዓ.ም. ተነደፈ፤ የአገራችን መለያ «ነጥብ ኢቲ» በ1988 ዓ.ም. ተመዘገበ፤ ኤስአርቪ የሚባለው የአገልግሎት መዝገብ ዛሬ የሚሠራበት ደንብም በ1992 ዓ.ም. ወጣ። ኮምፒዩተሩ «በዚህ ተቋም የተጠቃሚዎች ማውጫ የት ይገኛል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ መዝገቡ የሰርቨሩን ስም፣ የወደቡን ቁጥር (ለኤልዳፕ እንደ ልማዱ 389)፣ ቅድሚያውንና ክብደቱን ይመልስለታል። የቅድሚያ ቁጥሩ ዝቅተኛ የሆነው መጀመሪያ ይሞከራል፤ እሱ ዝም ካለ ወደ ተከታዩ ይኬዳል፤ ቅድሚያቸው እኩል ከሆነ ሥራው እንደ ክብደታቸው ይከፋፈላል። ሰርቨር ሲለወጥ የሚታረመው መዝገቡ ብቻ ነው።

«ይህ የባለሙያ ጉዳይ ነው፤ ተማሪን ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ደጅ የሚጠናው ግን ተማሪው ነው!

ደግሞስ መዝገቡ ራሱ የት ይቀመጥ? በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት መቋረጡን የምንረሳው አይደለም። መስመር በተዘጋ ጊዜ፣ የስም መዝገቡን ውጭ አገር ብቻ ያስቀመጠ ተቋም፣ በገዛ ግቢው ከግድግዳ ማዶ ያለውን ሰርቨር በስሙ ጠርቶ ማግኘት ይሳነዋል። የጎረቤትን ቤት ለማወቅ ባሕር ማዶ መላክ ምን ይባላል?

ስለዚህ ማኅበራችን ለአስተዳደሩ ሦስት ነገር ያቅርብ፦ የግቢው አገልግሎቶች፣ ደንቡ እስከፈቀደ ድረስ፣ በኤስአርቪ ይመዝገቡ፤ የስም ሰርቨሮች ቢያንስ ሁለት ይሁኑ፤ ከሁለቱ አንዱ እዚሁ በግቢያችን ይቀመጥ። ሶፍትዌሩ በነጻ ይገኛል፤ የጎደለው «ይሠራ» የሚል አለቃ ነውና፣ ጓዶች፣ እንጠይቅ።