«ውዱን እዘዝልኝ» ከማለታችን በፊት



«ዶክተር፣ ውዱን እዘዝልኝ» የሚለኝ ታካሚ ብዙ ነው። ውድ ከሆነ ይሻላል ብለን ስለምናስብ ነው። ግን ሁሌ እንደዛ አይደለም።

አዲስ መድኃኒት ፈቃድ ለማግኘት ብዙ ጊዜ የሚጠበቅበት መድኃኒትነት ከሌለው ክኒን (ፕላሴቦ) መሻሉን ማሳየት ነው። ከቆየውና ከርካሹ ይሻላል ወይ? ይህን ለማወቅ ሁለቱን ፊት ለፊት የሚያወዳድር ጥናት ያስፈልጋል።

የደም ግፊትን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የወጣው ኦልሃት የተባለው የሰሜን አሜሪካ ጥናት፣ ከ33 ሺህ በላይ ታካሚዎች ላይ ርካሹን የሚያሸና ክኒን (ክሎርታሊዶን) ከአምሎዲፒንና ከሊሲኖፕሪል ጋር አወዳደረ። ድንገተኛ የልብ ሕመምን በመከላከል በኩል ልዩነት አልተገኘም። የልብ ድካምን በመከላከል ደግሞ ርካሹ በለጠ! በ2022 የወጣ ሌላ ጥናት ይህንኑ ክኒን እኛ ጋ በደንብ ከሚታወቀው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጋር አወዳድሮ፣ ከባድ የልብና የስትሮክ ችግሮችን በመከላከል የጎላ ልዩነት አላገኘም።

ይሄ ለምን ያገባናል? የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ብር ከአርሶ አደሩና ከጉሊት ነጋዴዋ የሚዋጣ ነው። ለተመሳሳይ ውጤት እጥፍ ከተከፈለበት፣ ሌላው ታካሚ «መድኃኒቱ አልቋል፣ ከውጭ ግዙ» ይባላል።

ስለዚህ የኔ አቋም ይሄ ነው፦

1. መድን የሚሸፍነው መድኃኒት ሲመረጥ «ይሠራል ወይ?» ብቻ ሳይሆን «አሁን ካለን ይበልጣል ወይ?» ተብሎ ይጠየቅ።
2. በእርግጥ የሚበልጥ ከሆነ ውድም ቢሆን ለመሸፈን ይታገሉለት። እኩል ከሆነ ርካሹ ይቅደም።
3. ለየት ላለ ታካሚ በር ክፍት ይሁን።

ሦስተኛው ካልተሟላ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አልደግፍም። ጥናት የሚነግረን ስለ ብዙኃኑ ነው። ሪህ ያለበትን ሰው የሚያሸናው ክኒን ሊያብስበት ይችላል። ስኳር ኖሮበት በሽንቱ ፕሮቲን የሚታይ ሰው እንደ ኢናላፕሪል ያለ ኩላሊት የሚጠብቅ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ሐኪሙ ምክንያቱን ጽፎ ሲጠይቅ መድኑ ቶሎ መልስ መስጠት አለበት። አለበለዚያ «ማስረጃ» የሚለው ቃል ለቁጠባ ሽፋን ይሆናል።

ማሳሰቢያ፦ ይህን አንብባችሁ መድኃኒታችሁን በራሳችሁ እንዳታቆሙ ወይም እንዳትቀይሩ። በሚቀጥለው ቀጠሯችሁ ግን ሐኪማችሁን «ይሄኛው ከርካሹ በምን ይሻለኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። መብታችሁ ነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ የግፊት መድኃኒት ለሚወስዱ ወላጆቻችሁም ሼር አድርጉላቸው።