ሻጋታ ክሮሚየምን ይይዛል፤ ሕግን ግን አይተካም

የፈንገስ ብናኝ ከባድ ብረቶችን ከፍሳሽ በርካሽ ያስወግዳል የሚለው ተስፋ ሐሰት አይደለም። የሻጋታና የእርሾ ሕዋስ ግድግዳ እንደ ካይቲን ባሉ ውሁዶች የተገነባ በመሆኑ እርሳስን፣ ካድሚየምንና ክሮሚየምን ስቦ ይይዛል። የሞተ ፈንገስም ይህን ሥራ ይሠራል፤ ምግብ አይሻም፣ መርዙም አይጎዳውም። ጥሬ ዕቃው ከቢራ ፋብሪካ የሚወጣ እርሾ ሊሆን ይችላል። ስሕተቱ የሚጀምረው ይህ ግኝት የቁጥጥር ምትክ ተደርጎ ሲቀርብ ነው።

በክሮሚየም በሚለፋ ቆዳ ውስጥ የሚቀረው ከተጨመረው ክሮሚየም ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ነው፤ የተረፈው ከፍሳሹ ጋር ይወጣል። እንዲህ ላለው የተከማቸ ፍሳሽ ተገቢው ዘዴ ክሮሚየሙን በኖራ ወይም በማግኒዥየም ኦክሳይድ አዝቅጦ መልሶ መጠቀም ነው። ፈንገሱ የሚያዋጣው ከዚያ በኋላ ለሚቀረው ጥቂት መጠን ነው። የአሲድነት መጠን ሲለዋወጥ ወይም ሌሎች ጨዎች ሲበዙ የመያዝ አቅሙ ይለወጣል፤ ስለዚህ በቤተ ሙከራ ንጹሕ ውኃ የተገኘ ውጤት ለሞጆ ወይም ለአቃቂ ወንዝ ዋስትና አይሆንም።

ከሁሉ በላይ፣ ብረት አይጠፋም፤ ቦታ ብቻ ይለውጣል። ብረት የጠገበ ፈንገስ ራሱ አደገኛ ቆሻሻ ነው። ዙሪክ ይህን ጥያቄ አልሸሸችም። ስዊዘርላንድ የፍሳሽ ዝቃጭ በእርሻ ላይ እንዳይጣል እ.ኤ.አ. በ2006 ሙሉ በሙሉ ከልክላለች፤ የዙሪክ ካንቶን ዝቃጭም ከ2015 ጀምሮ በቬርድሆልስሊ ተሰብስቦ ይቃጠላል። በአቃቂ ወንዝ ዳር አትክልት በሚለማባት አዲስ አበባ ግን ያገለገለው ፈንገስ የት እንደሚያርፍ ሳይወሰን ስለ ማጣሪያው መደሰት መርዙን ከወንዝ ወደ ማሳ ማዛወር ሊሆን ይችላል።

«ስዊዘርላንድ ሀብታም ስለሆነች ነው» የሚለው መልስ አያሳምንም። ሀብታሞች የሚዝናኑባት ዜርማት እ.ኤ.አ. በ1963 በታይፎይድ ወረርሽኝ ተመታለች። በ1965 ከአገሪቱ ሕዝብ ከማጣሪያ ጣቢያ ጋር የተገናኘው ከ15 ከመቶ አይበልጥም ነበር። ገንዘቡ ነበረ፤ ግዴታው ግን ገና አልጠነከረም። የ1971 የውኃ ጥበቃ ሕግ ግዴታውን አጠነከረ፣ የ1998 ደንብ ለኢንዱስትሪ ፍሳሽ የብረት ጣሪያ አስቀመጠ። ከ2016 ወዲህም ለጥቃቅን ብክለት ማስወገጃ በነፍስ ወከፍ በዓመት እስከ 9 ፍራንክ ይሰበሰባል። ቴክኖሎጂው የመጣው ሕጉንና ገንዘቡን ተከትሎ ነው።

ኢትዮጵያም ሕግ አጥታ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢን መብት አድርጎታል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በካዩን ተጠያቂ ያደርጋል። ጽሕፈት ቤቱ በጄኔቫ የሚገኘው የባዝል ስምምነትም ተዋዋይ አገሮች አደገኛ ቆሻሻን ከምንጩ እንዲቀንሱ ያስገድዳል፤ ኢትዮጵያም አባል ናት። የጎደለው የአዲስ ሻጋታ ምርምር ሳይሆን የተጻፈውን ማስፈጸም ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች ሊቀድሙ ይገባል። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ቆዳ ፋብሪካ የክሮሚየም ፍሳሹን ከሌላው ለይቶ በግቢው ውስጥ ክሮሚየሙን መልሶ እንዲይዝ ይገደድ፤ የልኬት ውጤቱም ለሕዝብ ይገለጽ። ሁለተኛ፣ የፈንገስ ማጣሪያ የመጨረሻ ደረጃ ሆኖ በእውነተኛ የፋብሪካ ፍሳሽ ይፈተን። ሦስተኛ፣ ያገለገለው ፈንገስ መጠኑና ማረፊያው ሳይመዘገብ ፈቃድ አይሰጥ፤ ወጪውንም የበከለው ይሸፈን።

በዚህ ቅደም ተከተል ሻጋታው ጠቃሚ አገልጋይ ይሆናል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ግን ለበካዩ የጊዜ መግዣ፣ ከወንዙ ዳር ለሚያርሰው ገበሬ ደግሞ ባዶ ተስፋ ከመሆን አያልፍም።