ሱቁ ሲወቀስ ከተማዋ ተረሳች

«ዴውስ ኤክስ፦ ማንካይንድ ዲቫይድድ» የተባለው ጌም እ.ኤ.አ. በኦገስት 2016 ለገበያ ሲቀርብ ብዙ ተጫዋቾች የሰጡት ፍርድ አንድ ቃል ላይ ያርፍ ነበር፦ ጎደሎ። ታሪኩ ሊጦፍ ሲል ያልቃል፣ የተነሱት ጥያቄዎች ሳይመለሱ ይቀራሉ፣ በዚያ ላይ ሙሉ ዋጋ ተከፍሎበት በተገዛው ጌም ውስጥ ሌላ ሱቅ ተከፍቶ ይጠብቃል ተባለ። ይህ ፍርድ ዛሬም የጌሙ ስም በተነሳ ቁጥር አብሮ ይነሳል። እኔ ግን ሁለት የተለያዩ ክሶች በአንድ መዝገብ ገብተው፣ በአንዱ ማስረጃ ሌላውም የተፈረደበት ይመስለኛል። በሻጩ ላይ የቀረበው ክስ ትክክል ነበር። በሥራው ላይ የቀረበው ግን ዋናውን ነገር ሳያይ ያለፈ ነው፤ ዋናው ነገር ደግሞ ጌሙ በአብዛኛው የሚካሄድባት ከተማ፣ ፕራግ ናት።

በሻጩ ጉዳይ ብዙ መከራከሪያ የለም። ጌሙ ሊወጣ ገና ወራት ሲቀሩት፣ በ2015፣ አሳታሚው ስኩዌር ኤኒክስ አስቀድመው ለሚገዙ ሰዎች አንድ ዘመቻ አወጀ። ሽልማቶቹ በደረጃ ተከፋፍለው፣ አስቀድሞ የሚገዛው ሰው በበዛ መጠን ደረጃዎቹ እየተከፈቱ ይሄዳሉ፤ ገዢው ከቀረቡለት ስጦታዎች መርጦ ይወስዳል፤ የመጨረሻው ደረጃ ከተከፈተ ደግሞ ጌሙ ከቀጠሮው አራት ቀን ቀድሞ ይለቀቃል። በሌላ አነጋገር ገዢው ገና ያላየውን ዕቃ ለሌላው እንዲያሻሽጥ ተጠየቀ። ቁጣው ከባድ ስለነበር ዘመቻው ብዙም ሳይቆይ ተሰረዘ። ጌሙ ሲወጣም ነገሩ አልበረደም። የባለታሪኩን ችሎታ የሚያሳድጉት «ፕራክሲስ» የተባሉት ነጥቦች በእውነተኛ ገንዘብ ይሸጡ ነበር። አስቀድሞ ለገዛ ሰው የተሰጡት ስጦታዎች አንዴ ከተወሰዱ አለቁ፤ ጌሙን እንደገና ከመጀመሪያው ልጫወት ያለ ሰው አያገኛቸውም። ማንም ከማንም ጋር በማይወዳደርበት፣ ሰው ለብቻው በሚጫወተው ጌም ውስጥ ይህን ያህል መሰሰት ንቀት እንጂ ንግድ አይባልም። የኮምፒውተሩ ቅጂም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለብዙዎች እየተቋረጠ አስቸግሯልና፣ በስቲም መደብር የተሰጠው አስተያየት መደበላለቁ አያስደንቅም።

የዚህ ተከታታይ ጌም ወዳጆች ቅሬታ ሲያሰሙ በዋዛ የሚታለፉ ሰዎች አይደሉም። በ2000 በአዮን ስቶርም ኩባንያ የኦስቲን ቅርንጫፍ፣ በዋረን ስፔክተር መሪነት የወጣው የመጀመሪያው «ዴውስ ኤክስ» አንድ ነገር አስለምዷቸዋል፤ የተዘጋ በር ካጋጠመህ ሰብረህ፣ ቁልፉን ሰርቀህ፣ ኮምፒውተሩን ሃክ አድርገህ፣ በአየር ማስተላለፊያ ቱቦ ሾልከህ ወይም ዘበኛውን አነጋግረህ ማለፍ ትችላለህ። ጉንተር ኸርማን የተባለው ግማሽ ብረት ጠላት እንኳ ሚስጥራዊ ቃሉን ላወቀ ተጫዋች ያለ አንድ ጥይት ይወድቃል። ስለዚህ በ2003 «ኢንቪዚብል ዋር» የተባለው ተከታይ መጥቶ ሽጉጡም ሮኬቱም ከአንድ የጥይት ክምችት ሲቀዳ፣ የችሎታ ነጥቦቹ ሲቀሩ፣ ሰፋፊዎቹ ሰፈሮች 64 ሜጋባይት ሜሞሪ ብቻ ለነበረው ኤክስቦክስ ሲባል ተቆራርሰው ጠባብ ክፍሎች ሲሆኑ፣ ተጫዋቾቹ የተወሰደባቸውን ነገር በስሙ ጠርተው ነበር የተናገሩት። በ2011 ኢዶስ ሞንትሪያል «ሂውማን ሬቮሉሽን»ን ይዞ ሲመጣም እንዲሁ ሆነ። ጌሙን ወደዱት፤ «ቦስ» የሚባሉትን ዋና ጠላቶች ግን ጠሉ። ያን ሁሉ መንገድ ማንንም ሳይገድል በጥላ ውስጥ የመጣ ተጫዋች ድንገት አንድ ክፍል ውስጥ ተቆልፎበት እስኪገድል ወይም እስኪሞት ድረስ እንዲተኩስ ይገደድ ነበር። እነዚያ ፍልሚያዎች ለሌላ ድርጅት ተሰጥተው የተሠሩ መሆናቸው ሲሰማ፣ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ግልጽ ሆነ።

ለዚህ ቅሬታ የተሰጠው መልስ ነው ክርክሬን የሚያጸናው። በ2013 በወጣው የተሻሻለ ቅጂ የቦሶቹ ክፍሎች ሰፍተው፣ በሃክና በብልሃት የማሸነፍ መንገድ ተጨመረላቸው። «ማንካይንድ ዲቫይድድ» ላይ ደግሞ አንድ ቦስ ብቻ አለ፣ ቪክቶር ማርቼንኮ። እሱን ተኩሶ መግደል ይቻላል፤ ተደብቆ ከኋላ ደርሶ በአንድ ምት መጣልም ይቻላል፤ እሱን የሚያጠፋውን መሣሪያ አስቀድሞ ያገኘ ተጫዋች ደግሞ ያለ ውጊያ ይጨርሰዋል፤ በሕይወት ማስቀረትም ይቻላል። የ2000ው ጉንተር ተመልሶ መጣ ማለት ነው። አምስት ዓመት ሙሉ የተጮኸበት ነገር ተስተካክሎ ሲመጣ ግን ያመሰገነ ሰው ብዙም አልተሰማም፤ የ2016ቱ ጩኸት ሱቁና መጨረሻው ላይ ነበርና። ሰው የጠየቀውን ሲያገኝ ዝም ማለቱ የተለመደ ነው፣ አይፈረድበትም። ቅሬታውን ብቻ እየቆጠረ ፍርድ የሚጽፍ ግን ይህን ዝምታም መቁጠር ነበረበት።

ከተማዋን እንመልከት። ዘመኑ 2029 ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በመላው ዓለም ሜካኒካል አካል የተገጠመላቸው ሰዎች በአንድ ምልክት ተነድተው ድንገት አብደው፣ ያገኙትን ሁሉ ገድለዋል። ከዚያ ወዲህ «የተገጠመላቸው» በሙሉ በኬላ የሚፈተሹ፣ ወረቀት የሚጠየቁ፣ ከሰፈር የሚነቀሉ ሆነዋል። ባለታሪኩ አዳም ጄንሰን ራሱ የተገጠመለት ነው፤ ግን በኢንተርፖል ሥር ላለ ግብረ ኃይል ይሠራል። ታሪኩ ወደ ዱባይ፣ ወደ ጎለም ሲቲ፣ ወደ ስዊስ ተራሮችና ወደ ለንደን ቢወስደውም፣ በመሃሉ ሦስት ጊዜ ወደ ፕራግ ይመልሰዋል። ተጫዋቹ በአንድ አፓርታማ ውስጥ ይነቃል፤ የጎረቤቶቹም በሮች በአንድም በሌላም መንገድ ይከፈታሉ፤ ከፍቶ የገባ ሰው የማን ኪራይ እንዳለፈ፣ ማን ለማን ምን እንደጻፈ፣ የትኛው ቁም ሳጥን ከኋላው ቀዳዳ እንደደበቀ ያያል። የመጽሐፍ መደብሩ ሥር የተገጠመላቸውን የሚጠግን ሐኪም አለ። ከተራ መደብሮች በታች የኢንተርፖሉ ቢሮ ተቀብሯል። ፓሊሴድ የተባለው ባንክ፣ ታሪኩ ገና ወደዚያ ሳይጠራው፣ ለደፈረ ሌባ ክፍት ነው። በጎን በኩል የሚመጣ አንድ የግድያ ምርመራ አለ፤ ማስረጃውን በችኮላ ያየ ተጫዋች የተሳሳተ ሰው ሊወነጅል ይችላል፣ ጌሙም አያስቆመውም። ከዚያ ሦስተኛው መምጣት ሲደርስ ሌሊት ነው፣ ሰዓት እላፊ ታውጇል። ቀን ለቀን ሲመላለስበት የነበረው ያው መንገድ በታጠቀ ፖሊስና በሮቦት ተሞልቷል። አሁን የሚያድነው ሰፈሩን ማወቁ ብቻ ነው፤ የትኛው መስኮት ወደየትኛው ጣሪያ እንደሚያወጣ፣ የትኛው ክዳን ወደ ፍሳሽ ቦይ እንደሚያስገባ። በስውር መንቀሳቀስን መሠረት ላደረገ ጌም ከዚህ የተሻለ ፈተና አላውቅም፤ ምክንያቱም መልሱ ተጫዋቹ ሳይታወቀው ቀደም ብሎ ያጠናው ነገር ነው። «ሂውማን ሬቮሉሽን» በዲትሮይትና በሄንግሻ ይህን ሞክሮት ነበር፤ ከተሞቹ ግን ሰፊ እንጂ ጥልቅ አልነበሩም።

«አጭር ነው» የሚለው ክስ የሚመጣው እንግዲህ ከመለኪያው ነው። ከዱባይ እስከ ለንደን ያሉትን ዋና ሚሽኖች ብቻ እየቆጠረ የሄደ ሰው በእርግጥ ቶሎ ይደርሳል። ዋናው ታሪክም የሚያስደንቅ አይደለም፤ ሴረኞቹ ከመጋረጃ ጀርባ ሲነጋገሩ ብዙ ጊዜ አሰልቺ ናቸው፣ ጃኑስ የተባለው ስውር ሰው ማን እንደሆነም ሳንሰማ እንቀራለን። መጨረሻው ድንገተኛ ነው የሚሉትን አልቃወምም። የለንደኑ ሌሊት ያልፋል፣ የዜና አቅራቢዋ የሆነውን ትዘግባለች፣ ከስም ዝርዝሩ በኋላ አንዲት አጭር ትዕይንት ለሚቀጥለው ክፍል በር ትከፍታለች፣ በቃ። ግን እዚህ ላይ ከ2011 ጋር ማወዳደር ተገቢ ነው። «ሂውማን ሬቮሉሽን» ሲያልቅ ተጫዋቹ አንድ ክፍል ውስጥ ይቆምና ከአራት መጨረሻዎች አንዱን በቁልፍ ይመርጣል፤ ያን ጊዜ ብዙዎች፣ ያን ሁሉ ከሠራሁ በኋላ ዕጣዬ በአንድ ቁልፍ ይወሰናል ወይ ብለው ተበሳጭተው ነበር። «ማንካይንድ ዲቫይድድ» ቁልፎቹን አስወግዶ ውጤቱን በተጫዋቹ ሥራ ላይ በትኖታል። በፕራግ ሁለት ቦታ መሄድ ሲኖርበት ጊዜ የሚበቃው ለአንዱ ብቻ ነው፤ ባንኩን የመረጠ ከካዝናው መድኃኒት ያገኛል፣ ያ መድኃኒት ለንደን ላይ የተመረዘውን አለቃውን ያድናል። በለንደንም በጉባኤ የተሰበሰቡት ሰዎች እንደ መዳናቸውና አለመዳናቸው ያ የዜና ዘገባ ይለዋወጣል። ስለዚህ መጨረሻው ጎድሎት የነበረው ድምቀት እንጂ ውጤት አይደለም። ይህን ደግሞ መለየት የሚችለው ጌሙን ሁለተኛ ጊዜ የተጫወተ ሰው ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት የሚጻፍ አስተያየት ያን ዕድል የለውም።

ከሱቁም ከርዝመቱም የተለየ፣ ክብደቱ የማይካድ ሌላ ትችት ነበር። ማስታወቂያው የጌሙን ዓለም «ሜካኒካል አፓርታይድ» ብሎ ሰየመው። ደቡብ አፍሪካ ከ1948 እስከ 1990ዎቹ የኖረችበትን ሥርዓት ስም ለብረት ክንድ መሸጫ መለጠፍ፣ በዚህች አህጉር ለሚኖር አንባቢ በቀላሉ የሚዋጥ አይደለም። የተገጠመላቸው ሰዎች በአንድ ወቅት በእርግጥ ገድለዋልና ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ ዘረኝነት ግን እንዲህ ያለ መሠረት ኖሮት አያውቅም። ምሳሌው እዚያ ላይ ይሰበራል። ከዚህም በላይ ጄንሰን የመንግሥት መታወቂያ በኪሱ የያዘ ሰው ነው። የተገጠመላቸው በማይሳፈሩበት የሜትሮ ፉርጎ ከገባ ሲወርድ ፖሊስ ያስቆመዋል፣ ወረቀቱን ያያል፣ ይለቀዋል፤ ለተጫዋቹ የጠፋው ጥቂት ሰከንድ ነው። ይህን ትችት እቀበላለሁ። ግን ትችቱ ራሱ ለከተማዋ ይመሰክራል። ጌሙ ንግግር ሲያደርግ ይወድቃል፤ ሰፈሩ ውስጥ ሲወርድ ይሳካለታል። አንድ የጎን ሚሽን ላይ ሁለት ሰዎች የመቆያ ፈቃድ ይፈልጋሉ፣ ወረቀት አስመሳይዋ ግን የምትሰጠው አንድ ብቻ ነው። ለማን እንደሚሰጥ ተጫዋቹ ይወስናል፤ ሌላው ምን እንደሚገጥመው ያውቃል። ከማስታወቂያው መፈክር ይልቅ ይህች ወረቀት ስለ መገለል ብዙ ትናገራለች።

አንዳንዶች ይህን መለየት የተመልካች ቅንጦት ነው ሊሉ ይችላሉ። ገዢው የከፈለው አንድ ዋጋ ነው፤ ሱቁም ከተማውም በአንድ ካርቶን ነው የመጣለት፤ ለምን ብሎ ሂሳቡን ለሁለት ይከፍላል? ክርክሩ ለገዢው ትክክል ነው። የተናደደ ሰው ገንዘቡን አልሰጥም ቢል መብቱ ነው፣ ያውም በ2015 ያ ዘመቻ የተሰረዘው በዚሁ ቁጣ ነው። ችግሩ የሚመጣው አስተያየቱ ከገዢው እጅ ወጥቶ የሥራው መታወቂያ ሲሆን ነው። የፕራክሲስ ሱቅን መዝጋት የአንድ ቀን ውሳኔ ነው። ሰው በር በበር የሚያውቀው ሰፈር መሥራት ግን የዓመታት ድካም ነው፤ ለኩባንያ ሂሳብ ያዥ ደግሞ ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው፣ ምክንያቱም ከተጫዋቾቹ ብዙዎቹ ግማሹን በር ሳይከፍቱት ያልፋሉ። ሁለቱ በአንድ ቃል «ጎደሎ» ከተባሉ፣ የቱ መቅረት የቱ መቀጠል እንዳለበት ከዚያ ቃል ማንም ሊያነብ አይችልም።

ጌሙ ከወጣ በኋላ የመጣው የታወቀ ነው። ተጨማሪ አጫጭር ታሪኮች ወጡ፤ ከዚያ ተከታታዩ ዝም አለ። በ2022 ስኩዌር ኤኒክስ ኢዶስ ሞንትሪያልን ከሌሎች ስቱዲዮዎች ጋር በ300 ሚሊዮን ዶላር ለስዊድኑ ኤምብሬሰር ሸጠ። በጃንዋሪ 2024 ስቱዲዮው 97 ሠራተኞች አሰናበተ፤ በዚያው ሰሞን ለሁለት ዓመት ያህል ሲዘጋጅ የነበረ አዲስ «ዴውስ ኤክስ» መሰረዙ ተዘገበ። ይህ የሆነው በተጫዋቾች አስተያየት ነው አልልም፤ የኤምብሬሰር ዕዳና የከሸፈ ድርድር በቂ ምክንያት ናቸው። ግን ጎደሎ የሚለው ክስ እውነት የሆነው በ2016 ሳይሆን በ2024 ይመስለኛል፤ እስከዚያ ድረስ «ማንካይንድ ዲቫይድድ» ተከታይ የሚጠብቅ መካከለኛ ክፍል ነበር። ዛሬ ጌሙን በቅናሽ የሚገዛ አዲስ ተጫዋች ያን የሽልማት ዘመቻ አያውቀውም፣ የፕራክሲስ ሱቁንም ከፍቶ ላያይ ይችላል። የጃኑስን ማንነት ሳይሰማ መቅረቱ ያበሳጨዋል፣ ይገባዋልም። እኔን የሚቆጨኝ ግን የጃኑስ ጉዳይ አይደለም፤ እሱን አንድ ደራሲ በአንድ ገጽ ሊነግረን ይችላል። የሚቆጨኝ ያ ስቱዲዮ ለዚህ ተከታታይ ከፕራግ በኋላ ሌላ ከተማ ሠርቶ አለማሳየቱ ነው።