የኦልሜክን ራስ ለባለቤቱ

ሆሴ ማሪያ ሜልጋር የተባለ ሜክሲኳዊ በ1862 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ወበቅ በበዛበት የቬራክሩዝ ቆላ ከመሬት የወጣ፣ ጥንታዊው የኦልሜክ ሕዝብ የጠረበው ግዙፍ የድንጋይ ራስ አየ። ከንፈሩ ወፍራም፣ አፍንጫው ሰፊ ነበር። ከዓመታት በኋላ ባሳተመው ጽሑፍ መልኩ «የኢትዮጵያዊ» ነው አለ። ያኔ ቃሉ ጥቁርን ሁሉ የሚጠቀልል ስለነበር ጎንደርን ወይም መተማን አስቦ አልነበረም።

ዛሬ ያ አስተያየት በፌስቡክና በቲክቶክ ተመንድጎ ጥቁሮች አሜሪካን እንዳሠለጠኑ የሚናገር ታሪክ ሆኗል። ጉልበቱን ያገኘው በጉያና የተወለደው ኢቫን ቫን ሰርቲማ በ1976 ካሳተመው፣ ኑቢያውያን ውቅያኖስ ተሻግረው ሜክሲኮ ደረሱ ከሚለው መጽሐፍ ነው። በአገራችንም ቪዲዮውን እየተቀባበሉ «ድሮም የእኛ ነው» የሚሉ አልጠፉም። ለዘመናት «ታሪክ የለህም» የተባለ ሰው ባገኘው ታሪክ ላይ ቢንጠላጠል አይገርምም። ይሁንና የአንዱን ሕዝብ ሥራ ለሌላ መስጠት ኢትዮጵያውያን ሲታገሉት የኖሩት ስሕተት ነው።

ጣሊያናዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1928 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ፣ የአክሱምን ሥልጣኔ መሠረት ከቀይ ባሕር ማዶ ለመጡ የደቡብ ዓረቢያ ሰፋሪዎች ሰጠው። የአገሬው ሰው ተቀባይ ብቻ ሆኖ ቀረ። ይህን ለማረም ብዙ ቁፋሮ አስፈልጓል። በሱዳን ከሰላ አጠገብ በማሃል ተግሊኖስ የተገኘው የጋሽ ባህል ለምሳሌ፣ ከይሓ ቤተ መቅደስ ከሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ ከግብፅ ጋር የሚገናኝ ማኅበረሰብ ከቀይ ባሕር ወዲህ ባለው ቆላ እንደነበረ አሳይቷል። እንግዲህ ኮንቲ ሮሲኒን የሚረግም ሰው የሜክሲኮን ጠራቢ ሥራ አንሥቶ ለኑቢያ መርከበኛ ሲያስረክብ ሚዛኑን የት ጣለው?

ዘመኑ እንኳ አይገጥምም። ቫን ሰርቲማ በመጽሐፉ ውቅያኖስ ያሻገራቸው ኑቢያውያን በግብፅ 25ኛው ሥርወ መንግሥት ዘመን ማለትም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛውና በ7ኛው መቶ ዓመት የነበሩ ናቸው። ትልቋ የኦልሜክ ከተማ ሳን ሎሬንሶ ግን በ900 ቅድመ ልደት ገደማ ተዳክማ ነበር፤ አሥሩ ራሶቿም ከዚያ በፊት ተጠርበዋል። እስካሁን ከታወቁት 17 ራሶች መካከል ሁለት አንድ ዓይነት ፊት የለም፤ የራስ መሸፈኛቸውም ይለያያል፤ አብዛኞቹ አጥኚዎች የገዥዎች ምስል ናቸው ይላሉ። አንዳንዶቹ ከድንጋይ ዙፋን ዳግም የተጠረቡ ናቸው። ባዛልቱ የመጣው ከቱስትላ ተራሮች ነው። ስንት ቶን የሚመዝነውን ድንጋይ ጋሪም የጭነት ከብትም ሳይኖር በአሥራት የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ማንቀሳቀስ ስንት ሰው ማስተባበር እንደሚጠይቅ መገመት አያቅትም። በጥንቃቄ በተካሄዱት ቁፋሮዎች አንድም ከአፍሪካ የመጣ ዕቃ አልተገኘም። ያ አፍንጫና ያ ከንፈር ደግሞ ዛሬም በአካባቢው ነዋሪ ፊት ላይ ይታያል።

«የእኛ ነው» ባዩ የሚያጣው ደግሞ የነገሩን ጣዕም ነው። ሳን ሎሬንሶን ያቆማት የኮአትሳኮአልኮስ ወንዝ ሙላት የሚያለብሰው ደለል፣ በቆሎውና ዓሣው ነው። ሰዎቹ አምባውን በእጃቸው አፈር እየደለደሉ አስተካከሉት፤ ውኃ ማሳለፊያውን ከባዛልት ጠረቡት። ይህ ሁሉ በቆላ የተሠራ ነው! ሐሩር ሥልጣኔ አያበቅልም ባዮች ምሁራን እዚያም ነበሩ። የእኛም ልማድ ከዚያ አይርቅም፦ ታሪክ ለደጋው፣ ለቆላው ሰሊጥና ወባ። የቆላዋ ከተማ አብደራፊ ስትነሣ የሚወራው ስለ አጨዳው፣ ስለ ድንበሩና ስለ ካላዛር ነው።

ከአብደራፊ በስተደቡብ፣ በመተማ ቆላ በሺንፋ ወንዝ ዳር፣ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቹ የቆፈሩት የሰፈራ ቦታ አለ። ጥናቱ በመጋቢት 2024 ኔቸር መጽሔት ላይ ወጣ። ከ74,000 ዓመት በፊት በሱማትራ የፈነዳው የቶባ እሳተ ገሞራ ያቦነነው የመስታወት ብናኝ በአፈሩ ውስጥ ተገኝቷል። የሰፈራው ነዋሪዎች ግን አልጠፉም። የበጋው ድርቅ ሲበረታ ወንዙ ወደ ኩሬ ኩሬ ይቆራረጥ ነበርና ዓሣ ማጥመዱን አበዙት፤ ከተገኘው የምግብ ቅሪት የዓሣው ድርሻ ከ14 በመቶ ወደ 52 በመቶ ወጣ። ትንንሾቹ ባለ ሦስት ማዕዘን የድንጋይ ስለቶችም የቀስት ጫፍ ሊሆኑ እንደሚችሉ ስብራታቸው ይጠቁማል፤ እንዲያ ከሆነ በዓለም ከሚታወቁት እጅግ ጥንታዊ የቀስት ማስረጃዎች አንዱ ነው። የኦልሜክን ራስ በስልኩ ለወዳጆቹ ከሚያሠራጨው ኢትዮጵያዊ ብዙው የሺንፋን ስም እንኳ አልሰማም።