ብረት በትኖ ከጭስ ዕዳ መንጻት የለም

በዓይን የማይታዩት የውቅያኖስ አልጌዎች በምድር ላይ ከሚካሄደው ፎቶሲንተሲስ ግማሽ ያህሉን ያከናውናሉ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስደው ያድጋሉ፤ ሞተው ወደ ጥልቁ ሲሰምጡም ከካርቦኑ ጥቂቱን ይዘው ይወርዳሉ። በደቡባዊ ውቅያኖስ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ሞልቶ ሳለ እድገታቸውን የሚገታው በዋናነት የብረት እጥረት ነው።

«እንግዲያው ብረት እንበትንና አየሩን እናጽዳ» የሚሉ አሉ። በ2009 እ.ኤ.አ. የጀርመንና የሕንድ ተመራማሪዎች እዚያው ሞከሩት። አልጌው በዛ፤ ግን ጥቃቅን እንስሳት በሉት፤ ወደ ጥልቁ የወረደው ካርቦን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

ቢሳካ እንኳ፣ አንዱ ባሕር አሟጦ የተጠቀመው ንጥረ ነገር ሌላውን ባሕር ሊያስርብ ይችላል።

ምርምሩ ይቀጥል። ግን ውቅያኖስን የጭሳችን ማወራረጃ አድርጎ ሊሸጥልን የሚመጣውን አንመነው። ጭሱን ከምንጩ መቀነስ ነው የሚያዋጣን።